ሳይወርዱ ማለፍ

የእግር ጉዞ ለጤና ያለውን ጥቅም ሊያስተምር ሰቆጣ ድረስ በላንድክሩዘር የመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ብል ደግ ነበር፤ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጨብኩለት እንጂ።

ዘመኑ ሞባይል ሰቆጣ ውስጥ በወሬ እንጂ በዓይን የማይታወቅበት ነበር። እኔ ያኔ ገና ያላገባሁ፣ ሸሚዜን አስተኩሼ የምለብስ፣ ከተማው ሁሉ እኔን ብቻ የሚያይ የሚመስለኝ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። ሰውየው የተላከው በክልላችን ካለ አንድ ሜዳማ ከተማ ከተቋቋመ በጎ አድራጎት ማኅበር ነው። የማኅበሩ ስም ረጅም ነው፤ ብስክሌትን፣ የእግር መንገድንና ንቁ ጉዞን ስለማስፋፋት የሚናገር ሲሆን በመኪናው የፊት በር ላይ አልበቃ ብሎ ወደ ኋላው በር ተሻግሯል። ንቁ ያልሆነ ጉዞ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በእኛ አገር ተኝቶ የሚጓዝ በቃሬዛ ላይ ያለ በሽተኛ ብቻ ነው፤ የተሸከሙት ሰዎች ደግሞ በጣም ንቁ ናቸው።

ሥልጠናው የተሰጠው በእኛው ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ከዋግ ዝቋላ ቆላ የወጡ፣ መንገድ ላይ ያደሩ፣ እግራቸው ያበጠ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ባለ ላንድክሩዘሩ ሰው፣ ያው የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ውሃውን ከላስቲክ ጠርሙስ ጎንጨት አለና ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ በቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በእግር የመሄድ ልምድ አዳብሩ!»

ከዝቋላ የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ግማሽ ሰዓት ሄደን የት ልንደርስ ነው፣ ጌታው?»

«የትም መድረስ አያስፈልግም፣ እናቴ። ዋናው መሄዱ ነው።»

«እንዲያማ ከሆነ ቤቴ በተቀመጥኩ» አሉና ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ «ግሩም አስተያየት ነው» ብሎ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሌላ ማንም አላጨበጨበም።

ቀጥሎ የመጣው የመንገድ ምረቃ ነው። ማኅበሩ ወደ ደሃና በሚወስደው መውጫ ላይ ካለው ጉብታ ጀምሮ እስከ ሰቆጣ ገበያ የሚወርደውን የአህያ መንገድ ግራና ቀኝ ድንጋዩን ኖራ ቀባው። ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ አህዮች በሰኮናቸው ያወጡት መንገድ ነው። በኖራ ስለተቀባ ማኅበሩ «የሠራነው መንገድ» ይለው ጀመር። ከአናቱ ላይ «ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተከለ። አህያ የገዛ ራሷን መንገድ ተከለከለች። ደግነቱ አህያ ማንበብ አትችልም፤ ባለቤቶቿም የሚችሉት አንብበው እየሳቁ አለፉ። ከኖራ ድንጋዮቹም ገሚሶቹን ሰው እየለቀመ ለእርከን አዋላቸው። ዛሬም በዚያ ተረተር ላይ አልፎ አልፎ ነጭ ድንጋይ የገባበት እርከን አለ፤ ማኅበሩ ለአገራችን ከሠራው ሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ቅዳሜ ለሚውለው ምረቃ ከጉብታው እስከ ገበያ ብስክሌት እየነዳ የሚወርድ «አርአያ» ተፈለገ። ማን ይሁን? በቀደመው ስብሰባ ያጨበጨበው ይሁን ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ምክንያቱም ትብለጥ ቅዳሜ ገበያ ትወርዳለች።

ትብለጥ ማን ናት አትሉም? የአያ ካሱ ልጅ ናት። አያ ካሱ ከጉብታው በስተጀርባ የሚኖሩ፣ ገብስ የሚያርሱ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬባቸዋለሁ። የሽማግሌዎቼ አፈ ጉባኤ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ነበሩ፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፣ ስለዚህም ሊለምኑልኝ ከመሄዳቸው በፊት ብዙ አስበዋል። አያ ካሱ ስለ ደመወዜ አልጠየቁም፤ ስለ ዘሬም ሩቅ አልሄዱም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው ያከብራል ወይ?» ሐጂም «ያከብራል» ብለው ቃላቸውን ሰጡልኝ። መልሱ ለእሁድ ተቀጠረ። እስከ እሁድ ድረስ ከእኔ የሚጠበቀው ሰው ማክበር ብቻ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር!

አሁን ስለ ኮርቻው ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። በእኛ አገር በበቅሎም ሆነ በፈረስ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ይወርዳል። ለቀስተኛ ሲያገኝ ይወርዳል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመክሩ ካየ ከሩቁ ወርዶ፣ ልጓሙን ይዞ፣ እጅ ነስቶ፣ በእግሩ ያልፋል። ሳይወርድ ያለፈ ሰው እንደ ተሳደበ ይቆጠራል። ብስክሌቶቹ ከመኪናው ጣራ ላይ በወረዱ ዕለት ሽማግሌዎቹ ከብበው ሲያገላብጧቸው ቆዩና ሐጂ ሰይድ መቀመጫውን መታ መታ አድርገው፣

«ይኸ ኮርቻ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ኮርቻ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ በኩራት።

«እንግዲያማ የተቀመጠበት ሰው ይወርዳል።» ፍርዱ አለቀ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ የእኛን ነገር ሲሰማ የሚስቀው ሳቅ አለው። በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ጃንጥላ በምትመስል ደወል ላይ አውራ ጣቴን አስቀመጠ። «ብስክሌተኛ በየሰዉ ፊት እየወረደ ከሄደ ፍጥነቱ የታለ? ደወል ለዚህ ነው የተሠራው። ሰው ስታይ ደውል። የሠለጠነ ሰላምታ ይኸው ነው!» አለኝ። ሙሉ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እየዞርኩ ለባንዲራው ዘንግ፣ ለውሃው በርሜል፣ ለዘበኛው ስደውል ዋልኩ። ዘበኛው በመጨረሻ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ሰላምታ ነው ብዬ ብነግረው እንዴት ያምናል?

ፍሬኑን በሚመለከት ጥያቄ አንስቼ ነበር። ስጨብጠው ብስክሌቱ መቆም ሲገባው ማሰብ ይጀምራል። ሥራ አስኪያጁ «እኛ ከተማ ፍሬን የሚይዝ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እነሱ ከተማ ቁልቁለትም የለም። ሜዳ ላይ ያደገ ብስክሌት ዋግ አምጥተው ገደል አፋፍ ላይ አቆሙት፤ ከዚያም በላዩ ላይ እኔን ጫኑበት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጣሁ። ወጣሁ ስል ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ነው፤ ያንን አቀበት የሚነዳው ሰው ገና አልተወለደም። ከገበያ የሚመለስ አንድ ሰውዬ አይቶኝ፣ «ይኸ ዕቃ አንተን ይሸከማል ነው ወይስ አንተ እሱን?» ብሎኝ አለፈ። «ሲወርድ ይሸከመኛል» አልኩት። «እንግዲህ ቁልቁለት ለማንስ ይከብዳል?» አለኝ። ባለጌ ብዬው ነበር በሆዴ። አሁን ሳስበው ከእኔ የተሻለ ባለሙያ ኖሯል።

የማላውቀው ነገር ነበር። አያ ካሱ ቅዳሜ ለገበያ መውረዳቸው ካልቀረ መልሱን እሁድ ድረስ ማቆየት ምን ያደርጋል ብለው ከሐጂ ጋር ተላልከዋል። በአቀበቱ አጋማሽ፣ ማኅበሩ «የብስክሌተኞች ማረፊያ» ብሎ ሰሌዳ የተከለባት ወይራ አለች። ሽማግሌዎቼና አያ ካሱ እዚያች ወይራ ሥር፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ስለ እኔ ይነጋገራሉ። በአገሩ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር ሙሽራው ብቻ ነበር።

ከታች ሥራ አስኪያጁ ነጭ መሐረብ አውለበለበ። እግሬን አነሳሁ።

ጅማሬው ደስ ይላል፤ አልዋሻችሁም። ነፋሱ ሸሚዜን ይነፋዋል፣ ነጫጮቹ ድንጋዮች በግራና በቀኝ ይሸሻሉ፤ ትብለጥ ስታየኝ ምን እንደምትል እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ፍሬኑን ጨበጥኩ። አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ደግሜ ጨበጥኩ፤ መልስ የለም። እግሬን መሬት ላይ ብጎትት ጫማዬ ሶሉን ጥሎ ቀረ። በዚህ መካከል ወይራዋ ብቅ አለች። ከሥሯ ነጫጭ ጋቢዎች። ከጋቢዎቹ መካከል ሐጂ ሰይድ፤ ከሐጂ ሰይድ ፊት ለፊት ደግሞ አያ ካሱ!

መውረድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ከናቴ ጡት ጋር የጠጣሁት ነገር ነው። ግን ከሚበር ነገር ላይ እንዴት ይወረዳል? አፌ ተሳስሮ «ዞር በሉ!» ማለት እንኳ አቃተኝ። ያኔ አውራ ጣቴ፣ ያ የሠለጠነ አውራ ጣቴ፣ የተማረውን አደረገ።

ደወልኩ። ልጅህን ስጠኝ ብዬ ሽማግሌ በላክሁባቸው ሰው ላይ፣ እሳቸው ተቀምጠው እኔ ኮርቻ ላይ ሆኜ፣ ሦስት አራቴ አከታትዬ ደወልኩባቸው። በመካከላቸውም አለፍኩ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ያም ሳይበቃ የመሪው ጫፍ የአያ ካሱን ጋቢ ጠልፎ ነጥቋቸው ሄደ። ጋቢያቸውን ከኋላዬ እያውለበለብኩ ቁልቁል ወደ ገበያው ገባሁ፤ ከኒሯቅ የመጡ ፍየሎች መሐል ደርሼ በጎኔ ተዘረጋሁ። ፍየሎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጥቶ፣

«ድንቅ! ጋቢውንስ ከየት አመጣኸው? ባህላዊ ነገር መጨመርህ በጣም ጥሩ ነው!» አለኝ።

ሐጂ ሰይድ ትንሽ ዘግይተው ወረዱ። ከዚያ «አያ ካሱ ‹እንግዲህ ፈቅጃለሁ› ሊሉ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር» አሉኝ። «‹እንግዲህ› ብለዋል። የቀረውን ያንተ ደወል ዋጠው። ‹ያከብራል› ያልኩበትን አፌን ምን ላድርገው? ንገረኝ እስቲ።»

መሬት መሬት አየሁ። ከዚህ ሁሉ ግን የከፋችብኝ ትብለጥ ናት። ማሰሮዋን አስቀምጣ የምድር ሰው እያያት መጣችና ጋቢውን ከእጄ ተቀበለች። አቧራውን አራገፈች። ቀስ ብላ «አባቴ ላይ ደወልክበት?» አለችኝ። ያንን የሰማሁ ቀን ገበያው በሙሉ ባዶ ሆኖ ታየኝ፤ ሴትየዋን ምን ያህል እንደምወዳት የገባኝም ያኔ ነው።

በአገራችን ትልቅ ሰው ያስቀየመ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጃፋቸው ይወድቃል። የተበደለው ሰው ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ካላለ ተሸክሞ ይመለሳል። ሐጂ ይህንኑ ሊያሰናዱልኝ ቢልኩባቸው አያ ካሱ እንዲህ ብለው መለሱ።

«ድንጋይ አላስቀየመኝም። ያስቀየመኝን ይሸከም።»

ስለዚህ ያንን ብስክሌት አንገቴ ላይ አደረግሁት። የፊት ጎማው ጠምሞ በእያንዳንዱ እርምጃ አገጬን ይመታኛል፤ ካቴናው በግራሶ አንገትጌዬን ያጠቁረዋል። የተረገመው ደወል ደግሞ በተነቃነቅሁ ቁጥር ይጮሃል። አቀበቱን እየደወልኩ ወጣሁ። የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ብቅ እያለ አየኝ፤ በሠርግ እንኳ ይህን ያህል ሰው አይወጣም። ወይራዋ ሥር ስደርስ ከሸክሜ ጋር እጅ ነሳሁ። ማንም አልነበረም፤ ለወይራዋ ነው የነሳሁት።

አያ ካሱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወደቅሁ። ሐጂ የሚባለውን ሁሉ አሉልኝ። አያ ካሱ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጠኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ሳቀ። እሱን አልተረጉምላችሁም። ከዚያ ብስክሌቱን ሁለት እጃቸውን አስገብተው ከአንገቴ ላይ አወረዱትና ከአጥሩ ጋር አቆሙት። እንባዬ መጣ። ሐጂም ጊዜ ሳያባክኑ «እንግዲህ የልጅቷስ ነገር?» ቢሉ፣

«ይቅርታው ሌላ፣ ልጅቷ ሌላ» አሉ አያ ካሱ። «ያለፈኝን ትቼለታለሁ። ነገ እንደማያልፈኝ ግን በምን አውቃለሁ?»

ወራት አለፉ። በዚህ መካከል ማኅበሩ የግድግዳ ካላንደር አሳትሞ በየመሥሪያ ቤቱ አደለ። ፎቶው በምረቃው ዕለት የማኅበሩ ፎቶ አንሺ ያነሳኝ ነው። አፌ ተከፍቶ፣ ጋቢው ከኋላዬ ተንሳፍፎ፣ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ከፍ አድርገው እያሳደዱኝ! ከሥሩ ምን ቢጽፉ ጥሩ ነው? «የአገር ሽማግሌዎች ለንቁ ጉዞ ያላቸውን ድጋፍ ዱላቸውን በማንሳት ሲገልጹ።» አንዱ ካላንደር መምህራን ክፍል ተሰቀለ። ውርደቴን በየወሩ እየገለጡ ያዩታል።

አንድ ቀን ከሐጂና ከአያ ካሱ ጋር ከቀብር ስንመለስ በመኪና መንገዱ ላይ ነበርን። እኔ ከኋላቸው ዝም ብዬ እከተላለሁ፤ ሐጂ ልመናውን እንዳያቋርጡ ብዬ የትም ቢሄዱ መከተል ልማድ አድርጌ ነበር። በድንገት ከኋላችን የመኪና ክላክስ አምባረቀ። ዞር ስንል ላንድክሩዘሩ ነው። አያ ካሱ መንገዱ መሐል ናቸው፤ ፈቀቅ አላሉም። መኪናው ደግሞ አምባረቀ። ደገመ። ሥራ አስኪያጁ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ይሰማሉ?» አለ።

አያ ካሱ መኪናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው መኪናውን አዩ። «መደወልን ያስተማረህ ይኸ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ለቀስተኛ ላይም ይደውላል?»

«እንደሚያዩት ነው።»

«እንግዲህ ያንተስ አለቀ። ለዚህ ሰው ግን ድንጋዩን ማን ያሸክመዋል?» አሉና ወደ መስኮቱ ተጠግተው በእርጋታ «ውረድ፣ ልጄ» አሉት።

ወረደ! እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ለሰው አክብሮት ብሎ ከመኪናው ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አመጣጡም ለብስክሌቱ ኖሯል፤ ከውጭ አገር ረጂዎች እየመጡ ነውና ብስክሌቱን እፈልጋለሁ አለ። አያ ካሱ ወደ ላይ፣ ወደ ጉብታው ጠቆሙት። «አጥሬ ሥር ቆሟል። መንገዱ እንኳ ያንተው ነው፣ በኖራ የቀባኸው። ሂድና አምጣ።»

ሥራ አስኪያጁ አቀበቱን ቀና ብሎ አየ። ጫማውን አየ። እንደገና አቀበቱን አየ። ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ለጤና እንደሚበጅ ሊያስታውሰው የፈለገ አልነበረም። ጉሮሮውን ጠረገና «ማኅበራችን ብስክሌቱን ለአካባቢው ኅብረተሰብ በስጦታ አበርክቷል» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ያ ብስክሌት ዛሬም ከአያ ካሱ አጥር ጋር ነው፤ ዶሮዎች ያድሩበታል።

መኪናው አቧራውን አልብሶን ሲሄድ አያ ካሱ ጋቢያቸውን አራገፉና በዚያች ባቋረጥኳት ቃል ጀመሩ። «እንግዲህ» አሉ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ አውራ ጣቴን አላምነውማ። «እንግዲህ ፈቅጃለሁ።»

የሠርጌ ዕለት በበቅሎ መሄድ ደንብ ነውና በሐጂ በቅሎ ላይ አወጡኝ። ገና ከሰፈሬ ሳልወጣ ሽማግሌ አይቼ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ወረድኩ። ማገዶ ለተሸከመች ባልቴት ወረድኩ። ከሩቅ ጋቢ የለበሰ የመሰለኝን ነገር አይቼ ወረድኩ፤ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ነበር። ሚዜዎቼ እያወጡ እያወረዱኝ ሰለቻቸውና በቅሎዋን ባዶዋን ወደ ኋላ መለሷት።

አያ ካሱ ደጅ የደረስኩት በእግሬ ነው። አሮጌው ብስክሌት ካለበት አጥር ጎን ትብለጥ አባቷ አጠገብ ቆማ አየችኝ፤ ጫማዬ በአቧራ ነጥቷል፣ ላብ ያጠምቀኛል። «በቅሎዋ የት ሄደች?» አለች።

አባቷ ቀድመው መለሱላት። «ተይው፣ ልጄ» አሉ፤ «እኔ የፈለግሁት ይኸው መጥቷል።»